«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንት ቁጥር ነው?

ከዜሮ እስከ አሥር ባለው የሕመም መለኪያ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ስንት እንደሚይዝ ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ፣ ሳላመነታ «ዜሮ፣ ቢበዛ አንድ» እለው ነበር። ዛሬ ግን ማን እንዳለው፣ በምን ድምፅ እንዳለው፣ ሲለውም አንሶላውን ጨብጦ እንደነበር ሳላይ አልመልስም። ይህን የተማርኩት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስገባ በተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥልጠና አይደለም። በየወሩ የመጨረሻ ማክሰኞ ምሽት በምንሰበሰብበት ተከታታይ ሥልጠና፣ ያውም የገዛ ራሴ ስህተት ለውይይት በቀረበበት ምሽት ነው የተማርኩት።

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ጋር በምትዋሰነው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በወጣትነታቸው ወደዚህ የመጡት ሐበሾች ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ እነርሱ ያስመጧቸው ወላጆቻቸው ደግሞ ሰማንያን ተሻግረዋል። ስለዚህ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይናገሩ፣ ሕመማቸውም በሕክምና ከመዳን ያለፈ አረጋውያን በየአፓርታማው አሉ። እኔ አራት ዓመት በአንድ ሆስፒስ የማገለግለው በአብዛኛው እነዚህን እናቶችና አባቶች ነው። ሆስፒስን ብዙ ሰው «ሞት መጠበቂያ ቤት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እዚህ ግን በአብዛኛው ቤት አይደለም፣ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ አገልግሎት ነው። በሽታው በራሱ መንገድ ከሄደ የቀረው ዕድሜ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች እንደሚሆን ሐኪሞች ሲመሰክሩ፣ ታማሚውም በሽታውን ለማጥፋት የሚደረገውን ሕክምና ትቶ ሕመምን ወደ ማስታገሱ ሲያዘነብል፣ ነርሷ፣ ገላ የምታጥበው ረዳት፣ ሶሻል ወርከሩ (ማኅበራዊ ሠራተኛው)፣ ቻፕሊኑ (የመንፈስ አጽናኙ) እና በጎ ፈቃደኛው ተራ በተራ ደጁን ያንኳኳሉ።

በጎ ፈቃደኛው በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቢቆምም ጌጥ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1982 ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ለሆስፒስ እንዲከፍል ሲወስን፣ የበጎ ፈቃደኞች አገልግሎት የሥርዓቱ አካል እንዲሆን አድርጓል፤ በጎ ፈቃደኞች የሚሰጡት ሰዓት፣ ደመወዝተኞቹ ለሕሙማን እንክብካቤ ከሚያውሉት ጠቅላላ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶውን ማከል አለበት። እንዲሠለጥኑም ደንቡ ያዛል። ሐሳቡ ከዚህ አገር አልተነሣም፤ በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈተችው ሲስሊ ሶንደርስ ነርስ፣ ከዚያም የሕሙማን ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነች ሴት ስትሆን፣ ሐኪም ከመሆኗ በፊት ማታ ማታ ለሟቾች በተዘጋጀ ቤት በበጎ ፈቃድ ታገለግል ነበር። «ጠቅላላ ሕመም» የሚለውን አስተሳሰብ ያመጣችው እርሷ ናት፤ የሥጋው፣ የአእምሮው፣ የኑሮውና የመንፈሱ ሕመም በአንድ ሰው ውስጥ ተጠላልፎ እንደሚኖርና አንዱን ትቶ ሌላውን ማስታገስ እንደማይቻል ማለቷ ነው። ይህን ሃያ ሰዓት በፈጀው የመጀመሪያ ሥልጠና ላይ ጽፌው ነበር። መጻፍና መረዳት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ስህተቴ ልምጣ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። የሰማንያ አንድ ዓመት እናት ነበሩ፣ የቆሽት ካንሰር ነበረባቸው፣ እኔም ልጃቸው ገበያ ደርሳ እንድትመለስ ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ሰዓት አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ መጣች። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ቶሎ አልተገኘም፤ ነርሷ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቃታል፤ እኔ ደግሞ አማርኛም እንግሊዝኛም የማውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጫለሁ። «ትረጃኛለሽ?» አለችኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። «እማማ፣ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል ትላለች» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ የኔ ልጅ፤ ይህንንም ያላገኘ አለ» አሉኝ። እኔም ወደ ነርሷ ዞሬ «ደኅና ናቸው፣ አንድ ቢሆን ነው» አልኳት። ጻፈችው፤ የመድኃኒቱ መጠንም በነበረበት ቀጠለ። በዚያው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጃቸው የሌሊት ተረኛዋን ጠራች፤ እናትየው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ አፋቸውን ትራስ ውስጥ ቀብረው ነበር። ማንም አልወቀሰኝም። ቁጥሩን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

በወሩ መጨረሻ አስተባባሪያችን ታሪኩን ስም ሳይጠራ ለቡድኑ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔም የራሴ እንደሆነ ተናግሬ ራሴ አቀረብኩት። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ሚስቱ በዚሁ አገልግሎት ሥር ሞታ ከዓመት በኋላ ለማገልገል የመጣ አዛውንት፣ ሕክምና ለማጥናት የሚያስብ ወጣት ይገኙበታል። የመራችን ነርስ «ለምን አንድ አልሽ?» ብላ አልጀመረችም። «እጃቸው ምን ያደርግ ነበር?» አለች። አላስታወስኩም። «ግንባራቸውስ? ሲተነፍሱ ሆዳቸው ይንቀሳቀስ ነበር ወይስ ትንፋሻቸው ከላይ ከላይ ነበር? ከጎን ወደ ጎን ሲዞሩ ምን አሉ?» አንዱንም አላየሁም ነበር፤ ምክንያቱም ቃል እየጠበቅሁ ነበር። ቃሉ ሲመጣም ከቃሉ ውስጥ እግዚአብሔርን አውጥቼ ቁጥር አስገባሁበት። ሙያውን የተማረ አስተርጓሚ ቢሆን ኖሮ ያሉትን እንዳለ፣ «ይህንንም ያላገኘ አለ» የሚለውን ሳይቀር ያስተላልፈው ነበር፤ ነርሷም ሰምታ፣ ይህ ምስጋና እንጂ የሕመም ልክ እንዳልሆነ ተረድታ ጥያቄዋን በሌላ መንገድ ትደግመው ነበር። በጎ ፈቃደኛ ለሕክምና ጉዳይ አያስተረጉምም የሚለው ደንብ በመጀመሪያው ሥልጠና ተነግሮኛል። እኔ የመሥሪያ ቤት ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ውይይት ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። አሜሪካዊው አዛውንት «ለምን ዋሹ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልዋሹም ብዬ ተከራከርኩ። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ፣ ያውም ለደከመ እንግዳ፣ ሕመምን ዘርዝሮ መንገር ነውር ነው፤ ማማረር ፈጣሪን መውቀስ ይመስላል፤ ልጅን ማስጨነቅ ደግሞ ከሕመሙ ይብሳል። አንድ የተደበቀ ምክንያትም ነበር፦ እናትየው በኋላ እንደነገሩኝ «ሞርፊን ከተጀመረ አለቀ» የሚል ነገር ሰምተው ነበር፤ ስለዚህ ሕመማቸው ከፍ ማለቱን ካመኑ ወደ መጨረሻው የሚገፉ መስሏቸዋል። ነርሷ ይህን ይዛ የምሽቱን ግማሽ ስለ ሞርፊን አስተማረችን፤ በልኩ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመር ሰው እንደማይገድል፣ ዕለት ዕለት የሚያስቸግረው ጣጣው የሆድ ድርቀት ስለሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮት እንደሚታዘዝ፣ ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚወሰድ። እኛ መድኃኒት አንሰጥም፣ ስለ መጠንም አንናገርም። ፍርሃቱን መስማትና ለነርሷ ማድረስ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ የእርሷ ሩብ ሰዓት የማያሰማውን የእኛ ሁለት ሰዓት ያሰማል።

አንድ ሰው ለምን በየወሩ ይሠለጥናል ብሎ ለሚጠይቅ የምሰጠው መልስ ከዚህ የመጣ ነው። አዲስ በጎ ፈቃደኛ አያውቅምና ይፈራል፤ ስለሚፈራ ይጠይቃል፤ ስለሚጠይቅ ብዙም አያጠፋም። አደጋው ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ሕመምተኛ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰው ማወቅ ይጀምርና ማየት ይተዋል። እኔም ያን ስህተት የሠራሁት በመጀመሪያው ወር ሳይሆን በሁለተኛው ዓመቴ ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለብን፤ ሰው መጠየቅን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ ለቅሶ ቤት ዝም ተብሎም ቢሆን ይዋላል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን የምናውቀው አብዝቶ በጋራ መቀመጥን እንጂ ብቻችንን ከአንድ ሊሞት ከተቃረበ ሰው ጋር ዝም ማለትን አይደለም። አንድ ምሽት ሁለት ሁለት ሆነን ለሦስት ደቂቃ ያለ ቃል እንድንቀመጥ ታዘዝን። እኔ አርባ ሰከንድ ያህል እንደቆየሁ «አይዞሽ» የሚል በአማርኛ ከአፌ ወጣ፤ አጠገቤ ያለችው አስተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት ነው የገባኝ። «አይዞሽ» ውብ ቃል ነው፤ አለቦታው ሲነገር ግን «ከዚህ በላይ አትንገሪኝ» ማለትም ይሆናል።

የመጨረሻዎቹን ቀናት የሚመለከተው ሥልጠና በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ እኔም አንዱንም ቀርቼ አላውቅም። ትንፋሽ ቆም ብሎ እንደገና እንደሚጀምር፣ እግርና ጉልበት እየቀዘቀዘ እንደሚዥጎረጎር፣ ታማሚው መዋጥ ሲያቅተው በጉሮሮው የሚጠራቀመው ፈሳሽ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ እንደሚያሰማ እንማራለን። ይህን ድምፅ እኛ «ጣር» እንለዋለን፣ ቃሉም ራሱ ሥቃይን ይዞ ይመጣል፤ ልጆች ሲሰሙት አባታቸው የታነቀ ይመስላቸዋል። ነርሷ ግን ድምፁ ብዙ ጊዜ ከታማሚው ይልቅ ሰሚውን እንደሚያስጨንቅ፣ ትራሱን ከፍ አድርጎ በጎን ማስተኛት እንደሚያቀለው ታስረዳለች። እኔም ቤተሰብ «ጣር ያዘው» ሲል ቃሉን አልነጥቅም፤ ግንባሩ የተፈታ መሆኑን አብረን እንድናይ እጋብዛለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የምግብ ነገር ነው። ማጉረስ ፍቅር በሆነበት ቤት «አትመግቡ» የሚል ሰው ጨካኝ ነው። እዚህ ላይ ሥልጠናው ከእኔም ከሌሎቹም ጋር አብሮ አድጓል ማለት እችላለሁ፤ ቀድሞ የሚነገረን ሰውነት ሲዘጋ ምግብን እንደማይሻና በግድ የገባ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊወርድ እንደሚችል ብቻ ነበር። እውነት ነው፣ ግን እጇን ዘርግታ ማንኪያ የያዘችው ልጅ ማንኪያውን ወዴት ታድርገው? ይህን ጥያቄ ካነሣን በኋላ ከንፈርን በእርጥብ ስፖንጅ ማራስ፣ ቅባት መቀባት፣ እጅን ማሸት የቤተሰቡ ሥራ ሆኖ እንዲሰጥ ተስማማን። አንድ ቤት ጠበል መጣ። በብርጭቆ ሊያጠጧቸው ነበር። ነርሷ በስልክ ተጠይቃ ስፖንጁን በጠበሉ እንዲነክሩት ፈቀደች፤ የንስሐ አባታቸውም ቆመው ጸሎት አደረሱ፣ ከንፈራቸውም ረሰረሰ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይህን ስናገር ቻፕሊኑ ማስታወሻ ያዘ።

መርዶን በተመለከተ ግን እስከ አሁን ከራሴ ጋር አልታረቅሁም። በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ ሰዓት አለው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አይዟችሁ ባይ በተገኘበት ይነገራል። የበሽታ ወሬም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ይሰማሉ፣ ታማሚው አይነገረውም። የአሜሪካ ሕክምና ደግሞ ከታማሚው ይጀምራል። «እናቴ ካንሰር የሚለውን ቃል ከሰማች በዚያው ቀን ነው የምትሞተው፤ እህቴ፣ አደራሽን» ያለችኝን ልጅ ዓይን አልረሳም። በሥልጠናው የተማርኩት መካከለኛ መንገድ ታማሚውን አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል መስማት ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለልጄ ንገሩ ማለትም የታማሚው መብት ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ሐኪሙ ወይም ነርሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ አልናገርም፤ አልዋሽምም። እኚያው እናት አንድ ሐሙስ «ልሞት ነው እንዴ?» ሲሉኝ «ምን ተሰማዎት?» ብዬ መለስኩላቸውና ሃያ ደቂቃ ስለ ሟች ባለቤታቸው አጫወቱኝ። ያውቁ ነበር። ልጃቸውን እየጠበቁላት ነበር፣ ልጅየውም እርሳቸውን።

ምስጢር መጠበቅን በየዓመቱ እንከልሳለን። በአንድ ትልቅ ከተማ ቀላል ደንብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «የእንትና እናት እንዴት ናቸው?» ተብሎ በሚጠየቅበት ማኅበረሰብ ግን በየእሑዱ የሚፈትን ነው። ስጦታ አትቀበሉ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቡና እጠጣለሁ፣ ድፎ ዳቦም እቆርሳለሁ፣ ገንዘብና ወርቅ ግን አልነካም፤ ይህ ልዩነት በጽሑፍ እስኪሰፍር ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። ሁሉም ሥልጠና ግን እንዲህ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ስለ እሳት ማጥፊያና ስለ እጅ መታጠብ ተንቀሳቃሽ ምስል አይተን አሥር ጥያቄ እንመልሳለን፤ ጥያቄዎቹም ከዓመት ዓመት አይለወጡም። አስፈላጊነቱን አልክድም፤ ሥልጠና ብሎ መጥራት ግን ይከብደኛል፤ ሰው ከሰው ጋር ያልተነጋገረበት ስለሆነ።

አገር ቤት ያለውንም አስባለሁ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ ሲያገለግል ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገውና ከመካከላቸው የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል፤ ይህን ክፍተት በነርስና በሐኪም ብቻ የሚሞላ አገር አላውቅም። በሕንድ የኬራላ ግዛት የየሰፈሩ ሰው ሠልጥኖ ጎረቤቱን የሚያስታምምበት መረብ ከ2001 ጀምሮ ተዘርግቷል፤ የግዛቱ መንግሥትም በ2008 ፖሊሲ አወጣለት። ስለ ኬራላ በሰማሁ ቁጥር እድር ትዝ ይለኛል። መዝገብ አለው፣ ሊቀ መንበር አለው፣ ያልመጣውን ይቀጣል። ጥሩንባ የሚነፋው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት አባላቱ ተራ ገብተው፣ በወር አንድ ምሽትም ተሰብስበው ከነርስ ጋር ቢነጋገሩ ምን እንደሚሆን ለአጎቴ በስልክ ነገርኩት። «ሟርተኛ ይሉናል» አለኝና ሳቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን «የነርሷን አበል ማን ይከፍላል?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ደኅና ምልክት ነው።

ባለፈው ወር ነርሷ አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ የእኛ አረጋውያን ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ሰብስቤ ለአዳዲሶቹ በጎ ፈቃደኞችና ለነርሶቹ እንዳቀርብ። ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ አይደለም፤ የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ብዙ ጊዜ ከነርቭ የሚመጣ በመሆኑ የሚታዘዝለት መድኃኒት ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ «ያመኛል» ከማለት «ይለበልበኛል» ማለት ለሐኪሙ ይበልጥ ይጠቅማል። ወረቀቱን ሁለት ዓምድ አድርጌ ከፈልኩት። በግራ ቃሉን ጻፍኩ፦ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል፣ ጨምድዶ ያዘኝ። በቀኝ ደግሞ ለማን እንደሚነገር፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ለነርሷ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ከላይ አስቀምጬ በትይዩው «እጃቸውን እይ» አልኩ። ከታች «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚል ጻፍኩ። ይህን ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የሆድ ሕመም አድርጎት መድኃኒት ሊያሳዝዝ ይችላል፤ የሚሉት እናቶች ግን ሆዳቸውን አላመማቸውም። ለሶሻል ወርከሩ ይሁን፣ ለቻፕሊኑ ይሁን፣ ወይስ ለማንም ሳይነገር አጠገባቸው ብቻ ይቀመጥ፣ ማክሰኞ እስኪደርስ የቀኙን ዓምድ ባዶ ትቼዋለሁ።